ልጅዎ የያዘውን ዕቃ ይጥሩለት

በብዙ ቤት ሕፃን ልጅን ቃል ማስተማር የሚጀመረው በጥያቄ ነው። ልጁ ቁጭ ብሎ የጀሪካን ክዳን ሲያሽከረክር፣ አንድ ትልቅ ሰው ኳስ አንስቶ ፊቱ ላይ ይደቅንና «ይሄ ምንድን ነው? ኳስ በል! በላ!» ይለዋል። ልጁ ቀና ብሎ ያያል፣ ዝም ይላል፣ ወደ ክዳኑ ይመለሳል። እንግዳ ካለ ጥያቄው ይበረታል፤ «ትናንት ሲል ነበር እኮ» ይባላል። በዚያች ደቂቃ ልጁ ሊይዘው ይችል የነበረው ቃል ግን «ክዳን» ነበር፤ እሱን ማንም አልነገረውም። የዚህ መመሪያ መሠረተ ሐሳብም ይኸው ነው፤ ልጅ የዕቃ ስም በደንብ የሚይዘው፣ እሱ ራሱ ዓይኑን የጣለበትንና በእጁ የጨበጠውን ዕቃ ትልቁ ሰው ሲጠራለት ነው። የጨዋታ ሰዓት ከሌላው ሰዓት የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። የሚጫወት ልጅ አንዱን ዕቃ እያገላበጠ፣ እየቀመሰ፣ እየጣለና እያነሳ ይቆያል፤ የዕቃውን ስም ለመስማት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለውም።

ለዚህ አባባል ማስረጃ አለ። ማይክል ቶማሴሎና ማይክል ፋራር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1986 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት፣ እናቶች ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ በቪዲዮ ቀርጸው መረመሩ። ልጁ አስቀድሞ ትኩረቱን የሰጠውን ዕቃ የሚጠሩ እናቶች ልጆች ከወራት በኋላ ብዙ ቃላት ይዘው ተገኙ። ልጁን ከሚያየው ነገር ነቅለው ወደ ሌላ ዕቃ ለመሳብ የሚደጋግሙ እናቶች ልጆች ቃላት ግን ያነሱ ነበሩ። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «ምናልባት ቶሎ አፍ የሚፈታ ልጅ ራሱ ለመከተል ይመች ይሆናል እንጂ፣ መከተሉ ያመጣው ለውጥ ላይሆን ይችላል» ሊል ይችላል። ተመራማሪዎቹም ይህን አስበው ሁለተኛ ሙከራ ጨምረዋል። ለልጆች አዳዲስ ስሞችን አንዳንዱን የልጁን ትኩረት ተከትለው፣ ሌላውን ትኩረቱን አስለውጠው አስተማሩ። ተከትለው ያስተማሩት የተሻለ ተይዟል።

ምክንያቱን ደግሞ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቼን ዩ እና ሊንዳ ስሚዝ በ2012 ያሳተሙት ጥናት ያሳያል። በሕፃናቱ ግንባር ላይ ትንሽ ካሜራ አስረው ጨዋታው በልጁ ዓይን ምን እንደሚመስል ተመለከቱ። የልጅ ክንድ አጭር ስለሆነ የያዘው ዕቃ ፊቱ ድረስ ይቀርባል፤ እይታውን ሞልቶ ሌላውን ሁሉ ይጋርዳል። ስሙ በዚያች ቅጽበት የተጠራ ዕቃ ልጁ በኋላ ሲፈተን ይታወሳል፤ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ተደባልቆ ትንሽ ሆኖ በሚታይበት ጊዜ የተጠራ ስም ግን ብዙም አይያዝም። እኛ ከላይ ቆመን ምንጣፉ ላይ ያለውን ሁሉ ስለምናይ «ያቺን ስኒ አየሃት?» ማለት ግልጽ ይመስለናል። ልጁ በዚያን ጊዜ የሚያየው አንድ ክዳን ብቻ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ነገር ዕቃ መምረጥ ነው፤ ለዚህ ገበያ መውጣት አያስፈልግም። በየቀኑ በልጁ ፊት የሚውል፣ በትንሽ እጅ የሚያዝ፣ ሲነካ አንድ ነገር የሚሆን ዕቃ ይምረጡ፦ ማንኪያ፣ ጭልፋ፣ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ክዳን፣ ካልሲ፣ ማበጠሪያ፣ ትልቅ ድንች። አምስት ወይም ስድስቱን በአንድ ቅርጫት ወይም በሰፌድ ላይ አድርገው መሬት ያስቀምጡለት። ሃያ ዕቃ ከፈሰሰለት አንዱንም በደንብ ሳያይ ያልፋል። ዕቃው ልጁ ሊውጠው የሚችል መሆን የለበትም። በሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል መሐል ባለው ካርቶን ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ማንኛውም ነገር፣ ባቄላም ይሁን ሳንቲም ወይም ቁልፍ፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። የሰዓትና የሪሞት ትንንሽ ክብ ባትሪዎች ደግሞ ከነጭራሹ ከቤቱ ወለል መጥፋት አለባቸው። ስለ ዕድሜው ብዙ አይጨነቁ። ኤሊካ በርገልሰንና ዳንኤል ስዊንግሊ በ2012 እንዳሳዩት፣ ከ6 እስከ 9 ወር ያሉ ሕፃናት አንድ ቃል ሳይናገሩ የተለመዱ ምግቦችንና የሰውነት ክፍሎችን ስም መረዳት ጀምረዋል። ስለዚህ ልጁ አፍ እስኪፈታ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥሎ ያለው መቀመጥና መከተል ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። እናት ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች እንበል። የዓመት ከመንፈቅ ልጇ ጭልፋ አውጥታ ባዶ ድስት መምታት ጀመረች። አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው «ተይ፣ ጆሮዬን!» ነው። ይህችኛዋ እናት ግን ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗ ከልጇ ዓይን ሲገጥም «ጭልፋ!» ትላለች። ልጅቷ ቆም ብላ የያዘችውን ታያለች። «ጭልፋ ያዝሽ፣ እማዬ። በጭልፋ ድስቱን መታሽው፤ ኳ! ኳ!» ልጅቷ ትስቃለች፣ ደግማ ትመታለች፣ ከእጇ ያመልጣታል። «ጭልፋው ወደቀ! ጭልፋው የታለ? ይኸው ጭልፋው!» ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንድ ስም ስድስት ጊዜ ተጠራ፤ ሁሉንም ጊዜ ልጅቷ ስለዚያው ዕቃ እያሰበች ነበር፤ የእናትየዋ የሽንኩርት ሥራም አልቆመም።

እዚህች ትንሽ ጨዋታ ውስጥ ልብ ሊባሉ የሚገቡ ነገሮች አሉ። ስሙ መጀመሪያ ብቻውን ተጠርቷል። ማይክል ብሬንትና ጄፍሪ ሲስኪንድ በ2001 እንዳገኙት፣ እናቶች ለብቻ ነጥለው የሚጠሯቸውን ቃላት ልጆች ቀድመው የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። በአማርኛ ይህ በተለይ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ስሙ በንግግራችን ውስጥ «ጭልፋዬን»፣ «ለጭልፋው»፣ «በጭልፋሽ» እየሆነ ልብሱን ይቀያይራል፤ ግሡም ከኋላው መጥቶ ይሸፍነዋል። ራቁቱን የሰማው ልጅ በኋላ በሌላ ልብስ ለማወቅ ይቀለዋል። ሌላው፣ እናትየዋ «እንትኑን» አላለችም። በየቤታችን «እንትኑን አቀብለኝ»፣ «ያንን አምጪው» የምንለው ሳናስበው ነው፤ ትልቅ ሰው ይገባዋል፣ ሕፃን ግን ስም የሚማርበት ዕድል አመለጠው። ከልጅ ጋር ሲሆኑ «እንትን»ን ይተዉና ዕቃውን በስሙ ይጥሩት። ስሙን ከጠሩ በኋላም ዝም ብለው ይጠብቁ፤ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። ልጁ ሊያይዎት፣ ሊያሳይዎት፣ «ጭ» ሊል ይችላል፤ ለዚህ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሳናቋርጥ የምናወራ ከሆነ ተራው አይደርሰውም።

ልጁ በጣቱ ሲያመለክት ደግሞ በጥያቄ እንደመጣ ይቁጠሩት። ጃና አይቨርሰንና ሱዛን ጎልዲን-ሜዶው በ2005 እንዳሳዩት፣ ልጆች መጀመሪያ በእጅ ምልክት የሚያመለክቷቸው ነገሮች ስም ብዙውን ጊዜ ቆየት ብሎ በአፋቸው ይመጣል። ጣቱ ወደ አምፖሉ ከተቀሰረ፣ እርስዎ ስለ ጫማው ሊያስተምሩት ቢፈልጉም፣ የዚያን ጊዜ ቃል «አምፖል» ነው።

ስሙ ብዙ ጊዜ ከተሰማ በኋላ ወደ ማምጣት ጨዋታ ይለፉ። «ካልሲህን አምጣልኝ» ብለው ሲያመጣ «ካልሲ! ጎበዝ፣ ካልሲ አመጣህልኝ» ይበሉት። ይህ ጨዋታ «ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ የሚሻለው፣ ልጁ በአፉ ገና ያላወጣውን ዕውቀት በእጁ ሊያሳይ ስለሚችል ነው። መረዳት ከመናገር ወራት ይቀድማል፤ ዝም ያለ ልጅ አላወቀም ማለት አይደለም። ከዚያ አኩኩሉን ለዕቃ ያውሉት፦ ማንኪያውን ልጁ እያየ በፎጣ ሸፍነው «ማንኪያው የታለ?» ይበሉ፤ ሲገልጠው ስሙን አብራችሁ ጥሩት። ቀጥሎ ሳያይ ትራስ ሥር ይደብቁት። ስሙ እዚህ ላይ አዲስ ሥራ አገኘ፤ የማይታይን ዕቃ በልብ ያስይዛል።

ሁለት ዓመት ገደማ የደረሰች ልጅ አንድ ተጨማሪ ችሎታ አላት። ስማቸውን የምታውቃቸውን ስኒና ማንኪያ ከማታውቀው ወንፊት ጋር ደርድረው «ወንፊቱን ስጪኝ» ቢሏት ወንፊቱን ታነሳለች፤ ስኒና ማንኪያ ስም ስላላቸው አዲሱ ስም የአዲሱ ዕቃ መሆን አለበት ብላ ትገምታለች። ወላጅ በዚህ ይደሰትና «አወቀችው» ብሎ ያልፋል። ጄሲካ ሆርስትና ላሪሳ ሳሙኤልሰን በ2008 ያሳተሙት ጥናት ግን ያስጠነቅቃል፦ የሁለት ዓመት ልጆች በዚህ መንገድ ትክክለኛውን ዕቃ ቢመርጡም ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ስሙን አላስታወሱትም። የረዳቸው፣ ከመረጡ በኋላ ዕቃው ተነጥሎ ተነሥቶ ስሙ እንደገና ሲነገራቸው ነው። ስለዚህ ልጅቷ ወንፊቱን ስትሰጥዎ ጨዋታው ገና መጀመሩ ነው። «አዎ፣ ወንፊት! ይኸው ወንፊት» ብለው ይመልሱላት፣ ትያዘው፣ በቀዳዳው ትይ፣ ውኃ ታሳልፍበት፤ ነገም ከነገ ወዲያም ይመለሱበት።

ከሁሉም ጨዋታ ግን እኔ የማበልጠው ልጆቻችን ራሳቸው ሲጫወቱት የኖሩትን «ዕቃ ዕቃ» ነው። ሦስት ዓመት ለደረሱ ልጆች ጠጠሩ ድንች፣ ቆርኪው ስኒ፣ ጭቃው እንጀራ የሚሆንበት ጨዋታ ስምን ከዕቃው ለቅቆ በሐሳብ የመያዝ ልምምድ ነው። ለሁለት ዓመቱ ልጅ ደግሞ እውነተኛውን የፕላስቲክ ስኒ፣ ባዶ ጆግና ትሪ ይስጡትና ቡና ያቅርብልዎ። «ስኒዬ ባዶ ነው፤ ጨምርልኝ»፣ «ትሪው ላይ አስቀምጥልኝ» እያሉ የእንግዳነትዎን ይጫወቱ። ጨዋታውን እሱ ይምራ፤ እርስዎ አብሮ ተጫዋች እንጂ ፈታኝ አይደሉም።

አንድ ዕቃ ብቻ እያሳዩ መቆየትም ጉድለት አለው። ልጁ «ማንኪያ» ማለት ያቺ ሰማያዊ የፕላስቲክ ማንኪያ ብቻ ናት ብሎ ሊይዝ ይችላል። የሻይ ማንኪያ፣ የወጥ ማንኪያ፣ የእንጨት ማንኪያ አንድ ላይ ያስይዙት። ሊንዳ ስሚዝና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ሙከራ 17 ወር የሆናቸውን ልጆች ለ7 ሳምንታት በጨዋታ አሠልጥነዋል፤ በቀለምና በተሠሩበት ነገር የተለያዩ፣ በቅርጽ ግን የሚመሳሰሉ ሁለት ሁለት ዕቃዎችን በአንድ ስም እየጠሩ ያጫውቷቸው ነበር። ልጆቹ የሠለጠኑባቸው ስሞች ጥቂት ነበሩ፤ ከሥልጠናው ውጭ በየቤታቸው የሚናገሯቸው የዕቃ ስሞች ግን ካልሠለጠኑት ይልቅ በብዙ ጨመሩ። ስም የሚያያዘው ከዕቃ ዓይነት ጋር መሆኑን አንድ ጊዜ የተረዳ ልጅ ቀጣዮቹን ስሞች ራሱ ይለቅማል። ቀለምና ቁጥር ለመጨመር አይቸኩሉ፤ «ቀይ»ን ለመረዳት መጀመሪያ ቀይ የሆነውን ነገር ማወቅ ይቀላል።

ልጁ በጉን «ውሻ» ቢለው አይሳቁበት፣ «አይደለም!» ብለውም አይጩሁበት። አራት እግርና ጭራ አይቶ የደረሰበት ጥሩ ግምት ነው። «በግ ነው፤ ባ ይላል፤ እየው ፀጉሩን» ብለው ትክክለኛውን ስም ከአንድ መለያ ጋር ይስጡት። «ጭፋ» ካለም «አዎ፣ ጭልፋ» በቂ ነው፤ እንዲደግም አያስገድዱት።

«ልጄ እኮ ከስልክ ብዙ ተምሯል» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። እውነትም ከፍ ያሉ ልጆች ከቪዲዮ ቃል ሊይዙ ይችላሉ። በትንሾቹ ላይ ግን ጁዲ ደሎክና ባልደረቦቿ በ2010 ያገኙት ሌላ ነው። ከ12 እስከ 18 ወር ያሉ ልጆች ለሕፃናት ቃል ያስተምራል የተባለ ቪዲዮ ለአንድ ወር ተመለከቱ፤ ምንም ካላዩት ልጆች የበለጠ አልተማሩም። ከሁሉ በላይ የተማሩት፣ ቪዲዮ ሳይኖር ወላጆቻቸው እነዚያኑ ቃላት በዕለት ኑሮ መካከል የነገሯቸው ናቸው። ቪዲዮው ልጁ ምን እንደያዘ አያይም፤ ስለዚህ ሊከተለው አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 መመሪያው ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ፈጽሞ እንዳይሰጥ፣ የአንድ ዓመቱም ልጅ ስክሪን እያየ እንዳይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ ይመክራል።

የበለጠ ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ «እኛን ማን ቁጭ ብሎ አስተማረን? አያቶቻችን ከሕፃን ጋር ሲያወሩ አልዋሉም፤ ልጁ ግን ተናገረ።» ይህ እውነት ነው፤ ጥናትም ይደግፈዋል። ማሪሳ ካሲያስና ባልደረቦቿ በ2020 ባሳተሙት ሥራ፣ በደቡብ ሜክሲኮ የጸልታል ማያ መንደር ለትንንሽ ልጆች በቀጥታ የሚነገረው በሰዓት ከ4 ደቂቃ ያነሰ ቢሆንም ልጆቹ ንግግር የጀመሩት እንደሌላው ዓለም በጊዜው ነው። ልጅ በጆሮ ጠገብም ይማራል። ሆኖም ያ ልጅ የሚውለው በእናቱ ጀርባ ላይ፣ ሥራ በሚሠሩ፣ በሚነጋገሩና ዕቃ በሚቀባበሉ ሰዎች መሐል ነው። የድሮው ግቢያችንም እንደዚያ ነበር። ዛሬ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከአንዲት ሞግዚትና ከተከፈተ ቴሌቪዥን ጋር የሚውለው ልጅ የሚሰማው ጨዋታ የለውም። ያ ግቢ ይሰጠው የነበረውን አውቀን መስጠት ያለብን ለዚህ ልጅ ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለባት ቀኑን ከልጁ ጋር የምታሳልፈው ሰው ናት። ለሞግዚቷ «አጫውቺው» ብቻ ብለው አይውጡ፤ ልጁ የሚይዘውን ዕቃ እንድትጠራለት ያሳዩዋት፣ ስትጠራም ያመስግኗት። የሷ አፍ መፍቻ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ከሆነ በዚያው ትጥራለት።

«ሁለት ቋንቋ አይምታታበትም?» ለሚለውም ማስረጃው ያረጋጋል። ባርባራ ፒርሰንና ባልደረቦቿ በ1993 በማያሚ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ የሚያድጉ ሕፃናትን መርምረው፣ የሁለቱ ቋንቋዎች ቃላት አብረው ሲቆጠሩ ልጆቹ አንድ ቋንቋ ከሚያውቁት እንደማያንሱ አሳይተዋል። ለቤት ዕቃ ግን የሚሻለው እርስዎ ሳያስቡ የሚቀልዱበት፣ የሚያባብሉበት ቋንቋ ነው። እዚህ አዲስ አበባ «ስፑን» እና «አፕል» ብቻ የተነገረው ልጅ ከአያቱ ጋር ምሳ ሲቀርብ ሁለቱም ይቸገራሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በእስራኤል የሚያድግ ልጅ ደግሞ የውጩን ቋንቋ ከመዋያው ያገኘዋል፤ አማርኛውን የሚሰጠው ቤቱ ነው። አያት ሩቅ ከሆኑ በቪዲዮ መደዋወል ይረዳል። ሳራ ሮዝቤሪና ባልደረቦቿ በ2014 እንዳሳዩት፣ የሁለት ዓመት ልጆች ተቀርጾ ከተቀመጠ ቪዲዮ አዲስ ቃል ባይማሩም፣ በቀጥታ ከሚያዋራቸው ሰው ግን በስክሪን በኩልም ተምረዋል። ሁለቱም ወገን ማንኪያ ይያዝ፤ አያት «ማንኪያሽን አሳዪኝ፣ የኔ ዓለም፤ ይኸው የኔም ማንኪያ» ይበሉ።

በመጨረሻ ጨዋታ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ልጁ በ12 ወሩ ካላመለከተ ወይም «ባባ ዳዳ» ማለት ካልጀመረ፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል ከሌለው፣ በ2 ዓመቱ በራሱ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን ቃል ከተወ፣ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እየተባለ አይጠበቅ። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ፤ የሚደጋገም የጆሮ ሕመም መስማትን ሊቀንስ ይችላል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ልጁ ሰምቶ የሚያመጣቸውን ዕቃዎች በአንድ ወረቀት፣ በአፉ የሚላቸውን በሌላ ወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ስሙን ሲጠሩት ዞር ይል እንደሆነም ይጨምሩበት።